ጉልበትና ክርን በፓሪሱ የአፅም አዳራሽ

በፓሪስ ከኦስተርሊትዝ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ዣርዳን ዴ ፕላንት የሚባል ሰፊ የዕፅዋት ቦታ አለ። በግቢው ጠርዝ ላይ ጡብ፣ ድንጋይና ብረት ተጣምረው የሠሩት ረጅም ሕንፃ ቆሟል። አርክቴክቱ ፈርዲናንድ ዱቴር ነው፤ ለ1889ኙ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ግዙፉን የማሽኖች አዳራሽ የነደፈው ሰው። ይህ ሕንፃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ለሕዝብ ተከፈተ። ላይኛው ፎቅ ከዓለም የጠፉ ፍጥረታት ቅሪት ማደሪያ ሲሆን፣ ምድር ላይ ያለው ወለል የንጽጽር አናቶሚ አዳራሽ ነው። እኔን ያስመጣኝ ይኸኛው ነው።

በሩን አልፎ የገባ ሰው የሚቀበለው ሰልፍ ነው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አፅሞች አሉ። ዝሆኑ፣ አውራሪሱ፣ ፈረሱ፣ ጎሹ፣ ትልልቆቹ ድመቶች፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ገቢው መልሰው፣ በአንድ ትእዛዝ የተንቀሳቀሱ ይመስል ወደ በሩ ይገሰግሳሉ። ከፊታቸው ቆዳው የተገፈፈ፣ ጡንቻው ቀልቶ የሚታይ የሰው ሐውልት ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ ቆሟል። ብዙው ጎብኚ ቀንዱንና ጥርሱን፣ የራስ ቅሉንና የዓሣ ነባሪውን የጎድን አጥንት እያየ ያልፋል።

ይዛኝ የሄደችው እዚያው ፓሪስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ሥራዋ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተጎዳ ጉልበትና ክርን ስታሠራ ትውላለች። «ጋሼ፣ ሁሉን አያለሁ ካልክ ምንም ሳታይ ትወጣለህ» አለችኝ። «ክርንና ጉልበት ብቻ ተመልከት። ከዚህኛው ጫፍ እስከዚያኛው ድረስ።»

እንዳለችው ከሰልፉ ጎን ቆሜ ዓይኔን በሁለቱ መገጣጠሚያዎች ላይ አሳረፍኩ። ያየሁት ነገር አስደነቀኝ። በአራት እግር ከሚሄዱት ውስጥ ክርኖቹ ሁሉ ወደ ኋላ ያመለክታሉ፤ ጉልበቶቹ ሁሉ ወደ ፊት። አይጥም ይሁን ዝሆን፣ ሕጉ አንድ ነው። የፊትና የኋላ እግሮች በአንድ ንድፍ የተሠሩ መሆናቸው ግልጽ ነው፤ ከላይ አንድ አጥንት፣ ከታች ሁለት አጥንት፣ ከዚያ ትንንሽ አጥንቶች፣ ከዚያ ጣቶች። ታዲያ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ሁለት መገጣጠሚያዎች ለምን በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋሉ?

ይህን ጥያቄ በዚችው ከተማ ውስጥ በጥሞና ከያዙት ሰዎች አንዱ ፌሊክስ ቪክ ዳዚር ነው። በኋላ የንግሥት ማሪ አንቷኔት ሐኪም የሆነው ይህ አናቶሚስት እ.ኤ.አ. በ1774 የሰውንና የአራት እግር እንስሳትን የፊትና የኋላ አካላት ጎን ለጎን እያስቀመጠ የሚያነጻጽር ጥናት አቀረበ። ከዚያ በፊት አናቶሚስቶች የሰውን አካል ከእንስሳ አካል ጋር ያመሳስሉ ነበር። እርሱ ግን አንዱን አካል ከዚያው ከአንዱ ገላ ሌላ ክፍል ጋር አነጻጸረ፤ ክንድን ከእግር፣ ክርንን ከጉልበት። ለእኔ ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ ሰው ይዞት የሚዞረው የራሱ ገላ ነውና።

የአክስቴ ልጅም በዚያው በራሴ ገላ ጀመረች። «ክንድህን ዘርጋ።» ዘረጋሁ። ከክርኔ በስተኋላ ሦስት የአጥንት ጉብታዎችን አስዳሰሰችኝ፤ አንዱ በውስጥ ጎን፣ አንዱ በውጭ ጎን፣ አንዱ በመካከል። ክንድ ሲዘረጋ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። «አሁን እጠፈው።» ሳጥፈው መካከለኛው ወደ ታች ወርዶ ሦስት ማዕዘን ሠሩ። ሐኪም በጣቱ የሚዳስሰው ይህንኑ ነው። ክርን ሲወልቅ ሦስት ማዕዘኑ ይፋለሳል፤ አጥንቱ ከክርኑ ከፍ ብሎ ሲሰበር ግን ሦስት ማዕዘኑ እንደነበረ ይቆያል። የውስጠኛው ጉብታ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ የሚነዝረን፣ ከበስተኋላው አልና የሚባለው ነርቭ ከቆዳ ሥር ተጋልጦ ስለሚያልፍ ነው።

ክርን ሲታይ አንድ፣ ሲፈታ ሦስት መገጣጠሚያ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልለዋል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና የተባለው አጥንት ጫፉ እንደ ኪያቤ አፍ የተከፈተ ነው፤ የላይኛውን ክንድ አጥንት ክብ ጫፍ ኪያቤ ብሎን እንደሚነክስ ነክሶ ይይዘዋል። በአውራ ጣት በኩል ያለው ሬዲየስ ደግሞ ራሱ ክብ ነው። በጅማት ቀለበት ታስሮ ባለበት ይሽከረከራል። ክርን አጥፎ መዳፍን ወደ ሰማይ፣ ከዚያም ወደ ምድር ማዞር የምንችለው ሬዲየስ በአልና ላይ እየዞረ ስለሚሻገር ነው። ቁልፍ የምናዞረው፣ ቡና የምንቀዳው፣ ጉርሻ ወደ አፍ የምናደርሰው በዚህ ነው። ያ የጅማት ቀለበት በሕፃናት ላይ ገና ልል ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ በአንድ እጁ ጎትተው ሲያነሡት የሬዲየስ ራስ ከቀለበቱ ሾልኮ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ልጁ ክንዱን አንጠልጥሎ ያለቅሳል፤ የሚያውቅ ሐኪም በቅጽበት ይመልሰዋል። ልጅን በብብቱ ይዞ ማንሣት እንጂ በእጁ መጎተት አይገባም የሚለውን ምክር የአክስቴ ልጅ ደጋግማ የምትናገረው በብርቱ ስሜት ነው፤ እኔም እዚህ የማሰፍረው ስለዚያ ነው።

ከዚያ ወደ ጉልበት ዞርን፤ ረጅሙን ሰዓት ያሳለፍነውም በእርሱ ላይ ነው።

በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የሰውን የጭን አጥንት የታችኛውን ጫፍ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስጨንቀዋል። ጫፉ ሁለት ክብ ራሶች ነው። የሚያርፍበት የቅልጥም አጥንት ግን ከላይ ጠፍጣፋ ሊባል ምንም አልቀረው። ክርን ላይ አጥንት አጥንትን ነክሶ ይይዛል። ጉልበት ላይ ግን ክቡ በጠፍጣፋው ላይ ተቀምጧል፤ ቅርጹ ብቻውን ምንም አይይዝም። የገላችን ትልቁ መገጣጠሚያ፣ ሲሮጡም ሲሸከሙም ሙሉ ክብደታችን የሚያርፍበት ቦታ፣ በአጥንት በኩል ሲታይ ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ ነው።

የሚይዘው ለስላሳው ክፍል ነው። ከውስጥ ሁለት ጅማቶች ተጠላልፈው የጭኑን አጥንት ከቅልጥሙ ጋር ያስራሉ፤ አንዱ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይሾልክ፣ ሌላው ወደ ኋላ እንዳይሾልክ። በግራና በቀኝ ሁለት ሌሎች ጅማቶች አሉ። በክቡና በጠፍጣፋው መካከል ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የጨረቃ ግማሽ ቅርጽ ያላቸው ንጣፎች ገብተው ጠፍጣፋውን ትንሽ ጎድጎድ ያደርጉታል፤ ክብደቱንም ይበትናሉ። የእነዚህ ንጣፎች ውስጠኛ ጠርዝ የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ከተቀደደ በራሱ አይድንም። ኳስ ተጫዋቾች ዓመት ሙሉ ከሜዳ የሚርቁበትን የጉልበት ጉዳት ከዚህ ወዲያ ለሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ክርን በአጥንቱ ይተማመናል፤ ጉልበት በጅማቱ። ጅማት ደግሞ ይበጠሳል።

ታዲያ ይህ ድክመት ነው? ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ወንበር አስፈልጋ አስቀመጠችኝ። «ጉልበትህን አጥፈህ ተረከዝህን መሬት ላይ ተክለህ፣ የእግርህን ጣቶች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዙር።» ዞረልኝ፤ ቅልጥሜ ከጉልበቴ ሥር ይሽከረከራል። «አሁን እግርህን ቀጥ አድርገህ ዘርጋና ሞክር።» ከጉልበቴ ምንም አልዞረም፤ የዞረው ከዳሌዬ ነው። ጉልበት ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው ቅልጥሙ በጥቂቱ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ጅማቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጠራሉ፤ መገጣጠሚያው ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ጡንቻ ብዙ ሳይደክም መቆም ይቻላል። ማኅሌት ላይ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ሊቃውንት መቋሚያቸውን ከመደገፋቸው በፊት የሚደግፋቸው ይህ ቁልፍ ነው። ለመታጠፍ ሲፈለግ ደግሞ ከጉልበት በስተጀርባ ያለ ፖፕሊቲየስ የሚባል ትንሽ ጡንቻ ቁልፉን ይከፍታል። ጠፍጣፋው አጥንት ባይኖር ይህ ሁሉ ባልተቻለ ነበር። ክርን አልና እንደነከሰው ይኖራል፤ ጉልበት ግን ሲያሻው ልቅ ሲያሻው ጥብቅ ይሆናል።

የጉልበት ሎሚም አለ። እግርን ዘርግቶ ጡንቻን አላልቶ ሎሚውን በሁለት ጣት ለሚገፋው ሰው ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታል። ጭኑን ሲያጠብቀው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጡንቻ ጅማት ውስጥ ተሸጉጦ የበቀለ አጥንት ነው፤ ከዚህ ዓይነቶቹ ሁሉ ትልቁ። ጅማቱን ከመገጣጠሚያው ራቅ አድርጎ ስለሚይዘው የጭን ጡንቻ ባነሰ ኃይል እግርን ይዘረጋል። ከበስተኋላው የለበሰው ልም አጥንት በገላችን ውስጥ ካለው ሁሉ ወፍራሙ ነው። ሕፃን ሲወለድ ሎሚው ገና ልም አጥንት ብቻ ነው፤ ወደ አጥንትነት የሚለወጠው ከሦስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። በክርን ላይ ይህን ቦታ የያዘው የአልና ጉብታ ነው፤ እርሱ ግን ከአጥንቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ ቀርቷል። አናቶሚስቶች ሎሚው የዚያ ጉብታ ወንድም ነው ወይስ አይደለም እያሉ ብዙ ተከራክረዋል። በብዙ እንሽላሊቶችና በአንዳንድ የሌሊት ወፎች ክርን ላይ በእርግጥ ሎሚ የሚመስል ትንሽ አጥንት መገኘቱ ክርክሩን የሚያጣፍጥ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ያሰላሰልኩትን ነገር ልጥቀስ። አውራ ጣትን ከእግር አውራ ጣት ጋር አቻ ካደረግን፣ ሬዲየስ የትልቁ የቅልጥም አጥንት አቻ ነው፤ አልና ደግሞ የቀጭኑ። እንግዲህ ክርን ላይ ዋናውን ሥራ የያዘው አልና ነው። ጉልበት ላይ ግን የአልና አቻ የሆነው ቀጭኑ አጥንት ወደ መገጣጠሚያው ጨርሶ አይገባም፤ ከጎን ተጣብቆ ቀርቷል። በአንድ ንድፍ ተነሥተው አለቃውን ተለዋወጡ ማለት ነው።

የአቅጣጫውስ ነገር? እ.ኤ.አ. በ1857 የሞንፔሊዬው ሻርል ማርተንስ ምሥጢሩ የላይኛው ክንድ አጥንት በራሱ ላይ መጠምዘዙ ነው ብሎ ጻፈ። ዛሬ የምናውቀው ከማሕፀን ነው። የእጅ ቡቃያ በአራተኛው ሳምንት ብቅ ይላል፤ የእግሩ ከሁለት ቀን ያህል በኋላ። መጀመሪያ ላይ ክርኑም ጉልበቱም ወደ ጎን ያመለክታሉ። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ክንድ ወደ ውጭ፣ እግር ወደ ውስጥ ሩብ ዙር ያህል ይዞራሉ። ክርን ወደ ኋላ፣ ጉልበት ወደ ፊት የሆነው ያን ጊዜ ነው። እናቱ ማርገዟን ገና በቅጡ ሳታረጋግጥ ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሰልፉ ተመልሰን ፈረሱ ጎን ቆምን። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የፊት እግሩን መሐል «ጉልበት» ይለዋል። አፅሙ ግን ሌላ ይናገራል። ያ ቦታ የእጅ አንጓ ነው። እውነተኛው ክርን ከደረቱ ሥር ተለጥፎ ይገኛል፤ እውነተኛው ጉልበት ደግሞ ከሆዱ ጎን ከፍ ብሎ። በፈረስ ክንድ ላይ አልናና ሬዲየስ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ከአልና የቀረው በዋነኛነት ያ የክርን ጉብታ ነው። ፈረስ መዳፉን የማዞር ችሎታውን ለሩጫ ሲል ሰጥቷል። በጉልበቱ ግን ሰው የሌለው ነገር አለው። የጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ፣ በውስጥ ጎን፣ ወፍራም የአጥንት ጉብታ አለ፤ ተጠግቼ ለረጅም ጊዜ ያየሁት እርሱን ነው። ፈረስ ሲያርፍ የጉልበት ሎሚውን ወደ ላይ ስቦ በዚያ ጉብታ ላይ ያንጠለጥለዋል። እግሩ ይቆለፋል። ፈረስ ቆሞ የሚያንቀላፋው እንዲህ ነው፤ የኋላ እግሮቹን እያፈራረቀ አንዱን ያሳርፋል፣ በሌላው ይቆማል።

ወፎቹ ዘንድ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ሳቀች፤ «ሰጎን ጉልበቷ ወደ ኋላ ነው የሚሉኝ በሽተኞች አሉኝ» አለች። ወደ ኋላ የሚታጠፈው ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ጉልበቷ ከላባው ሥር ተሸሽጓል፤ በእያንዳንዱ ላይም አንድ ሳይሆን ሁለት ሎሚ አላት። ለዶሮ ወጥ ብልት አውጥቶ የሚያውቅ ሰው የወፍን ጉልበት በቢላው አግኝቶታል፤ ቅልጥሙና ታፋው የሚለያዩበት ቦታ ነው። ካንጋሮ ያን ያህል እየዘለለ ከአጥንት የሆነ የጉልበት ሎሚ የለውም። የሌሊት ወፍ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ካሉት ጥቂት ሕግ አፍራሾች አንዷ ናት፤ እግሯ ከዳሌዋ ጀምሮ ስለዞረ ጉልበቷ ወደ ውጭና ወደ ኋላ ያያል።

ዓሣ ነባሪው ክርን አለው፤ አይታጠፍም። በመቅዘፊያው ውስጥ አጥንቶቹ ጠፍጣፋ ሆነው ተጋጥመው ቀርተዋል። የኋላ እግርስ? ከጅራቱ ቀደም ብሎ ከአከርካሪው ጋር ያልተያያዙ ትንንሽ የዳሌ አጥንቶች አሉ። ስኮትላንዳዊው አናቶሚስት ጆን ስትራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1881 የግሪንላንድ ዓሣ ነባሪዎችን ሥጋ በጥንቃቄ እየለየ፣ ከቆዳው ሥር ተቀብሮ የቀረ የጭን አጥንትና የቅልጥም ርዝራዥ ከነመገጣጠሚያው አግኝቶ ገለጸ። ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ እግር ቢባል ከላይ ምንም የማይታይበት ፍጥረት ጉልበት ተሸክሞ ይዞራል።

መጨረሻ የደረስነው ከሰውና ከዝንጀሮ መሰሎቹ ዘንድ ነው። ቺምፓንዚው ከሰው ጎን ሲታይ ክርኖቻቸውን መለየት ለሠለጠነ ዓይን እንኳ ያስቸግራል። ጉልበታቸው ላይ ግን ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። የቺምፓንዚው የጭን አጥንት ከዳሌው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የሰው ግን ከዳሌው ወደ ውስጥ አዘንብሎ ስለሚወርድ ሁለቱ ጉልበቶች ከገላው መሐል ሥር ይቀራረባሉ። ስንራመድ በአንድ እግር ላይ የምንቆምባት ቅጽበት ሳታንገዳግደን የምታልፈው በዚህ ማዘንበል ነው።

የዚህን ልዩነት ክብደት ከምሥራቅ አፍሪካ ሁለት ግኝቶች በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ብራያን ፓተርሰን በኬንያ ካናፖይ የአንድ ክርን ቁራጭ አገኘ፤ የላይኛው ክንድ አጥንት ታችኛው ጫፍ፣ ወደ አራት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ። ከዛሬ ሰው ክርን ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ እንዴት ይራመድ እንደነበረ ከእርሱ ብቻ መናገር አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ዶናልድ ጆሃንሰን በአፋር፣ ሐዳር ላይ፣ የቅልጥም አጥንት የላይኛውን ጫፍና የጭን አጥንት የታችኛውን ጫፍ አገኘና ገጠማቸው። የጭኑ አጥንት አዘንብሎ ነበር። 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ያ ጉልበት ራስ ቅል ሳይኖረው፣ ጥርስ ሳይኖረው፣ ባለቤቱ በሁለት እግር ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር መሰከረ። ድንቅነሽ የተገኘችው በዓመቱ ነው። ካናፖይም እ.ኤ.አ. በ1994 ካሞያ ኪሜው የቅልጥም አጥንት እስኪያገኝ ድረስ ጠበቀች፤ በጉልበት በኩል ያለው የአጥንቱ ጫፍ መልሱን ሰጠ፣ በዓመቱም ፍጥረቱ አውስትራሎፒተከስ አናመንሲስ ተብሎ ስም ወጣለት። ክርኑ ሠላሳ ዓመት ያህል ሊናገር ያልቻለውን ጉልበቱ ተናገረው።

እዚያው የፓሪሱ ሙዚየም ውስጥ በንጽጽር አናቶሚ ክፍል የሠራችው ክሪስቲን ታርዲዩ የዚህን ማዘንበል አመጣጥ ተከታትላለች። ሕፃን ሲወለድ የጭን አጥንቱ እንደ ቺምፓንዚው ቀጥ ያለ ነው። ማዘንበሉ የሚመጣው መራመድ ሲጀምር ነው፤ በልጅነቱ ዓመታት እየጨመረ ይሄዳል። በሕመም ምክንያት ከቶ ሳይራመዱ ባደጉ ልጆች ላይ አይታይም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተለወጠ፤ እንዲያ ያሉ ልጆችን ታክማለችና። ለዚያም ነው ገና ያልተራመደን ልጅ በድጋፍ ቢሆንም ቀጥ አድርጎ ለማቆም ያን ያህል የምትታገለው።

ወደዚያ የሚሄድ ካለ፣ ሙዚየሙ ማክሰኞ ዝግ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት መግባት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ሰልፍ ይበዛል። ከሰልፉ በስተግራም በስተቀኝም አልፎ አፅሞቹን ከጎናቸው ማየት ያስፈልጋል፤ ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው ክርኑም ጉልበቱም አይገለጥለትም። ከፈረሱ ይጀምር። ከዚያ ወደ ቺምፓንዚው ይሂድ። ድንቅነሽን ለማየት ደግሞ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ አካባቢ ብሔራዊ ሙዚየም ሲገባ፣ በመጀመሪያ የጭን አጥንቷን የታችኛውን ጫፍ ይፈልግ።